ወፏ ወልድያ አትደውልም

በአሥር ዓመቴ አንድ ትልቅ ኩባንያ በደብዳቤ ብቻ ረትቻለሁ። ጠበቃ አላቆምኩም፣ ዕድሜዬንም አልተናገርኩም። የጻፍኩት በአባቴ ስም፣ ከአባቴ ኢሜይል፣ አባቴ ሳያውቅ ነበር። ከሁለት ወር ንትርክ በኋላ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀኝ፤ በላዩም የአሥር ደቂቃ ነጻ ጥሪ መረቀልኝ። ዛሬ ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ ከባንክም ከአየር መንገድም ጋር ስጨቃጨቅ ኖሬአለሁ፣ እንደዚያ ያለ ድል ግን አልደገመኝም። በዚያ ድል ምን እንዳደረግሁ ያወቅሁት ግን ገና አምና ነው።

የምንኖረው አቡዳቢ፣ አል ኻሊዲያ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር። ዘመኑ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት ነው። አባቴ ፍስሐ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ እናቴ ዓለምነሽ እዚያው ነርስ ነበሩ። ኮምፒዩተራችን ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጦ፣ እናቴ የሠራችለትን ዳንቴል ለብሶ ይውላል። አገር ቤት የምንደውለው በእሱ ነው። ከፎቃችን ሥር ካለው ሱቅ ካርድ ይገዛል፣ ካርዱ በሳንቲም ይፋቃል፣ ቁጥሩ ይገባል፣ የጆሮ ማዳመጫው ይደረጋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጸሎት ነው። የፕሮግራሙ ምልክት ክንፏን የዘረጋች ሰማያዊ ወፍ ስለነበረች ኩባንያውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ሁላችንም «ወፏ» ነበር የምንለው።

ወፏ ሌባ ነበረች። ስልኩ ገና ሲጠራ መቁጠር ትጀምራለች። ሰው ካነሳም በኋላ ድምፁ እየዘገየ ይመጣል፤ እናቴ «ደህና ናችሁ?» ስትል የራሷ ድምፅ ተመልሶ «ደህና ናችሁ?» ይላታል። አክስቶቼ በርሜል ውስጥ ገብተው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ የሁለቱም ድምፅ ይጠፋል፤ ስለዚህ እናቴ ተራ የማስያዣ ደንብ አወጣች፣ የራሷን ከተናገረች በኋላ «ጨርሻለሁ፣ አሁን አንቺ» ትላለች። ዋናው ወሬ ላይ ሲደረስ፣ ማን አገባ ማን ታመመ ሲባል፣ መስመሩ ድርግም ይላል። የስልሳ ደቂቃው ካርድ አርባ ሳይሞላ ያልቃል። ያኔ አባቴ ብድግ ብሎ ወፏን ይራገማል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ እርግማኑም ልክ ነበረው፤ «ላባሽ ይርገፍ» ከሚለው አልፎ አያውቅም።

የወፏ ሐኪም እኔ ነበርኩ። ገመድ ነቅዬ እሰካለሁ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አበራለሁ፣ የአባቴንም የይለፍ ቃል በቃሌ አውቃለሁ። አባቴ ስንት ዓይነት ደም በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው፣ ማውስ ሲይዝ ግን ቀስቱ ከስክሪኑ ይጠፋበታል። አንድ ቀን የማያውቀውን ነገር ተጭኖ በስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ቁልቁል ዘቀዘቀው። አንገታችንን አጣመን ስናነብ ሰንብተን፣ በመጨረሻ ያቃናሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ የእኔ ግዛት ሆነ፤ አባቴም ፈቃድ ጠይቆ ነበር የሚነካው።

ከወፏ ደንበኞች ሁሉ የምትብሰው እትዬ የሺ ነበረች። የሺሐረግ የአባቴ የአክስት ልጅ ናት። አል ዓይን፣ አል ሙዋይጂ ውስጥ በአንድ የዐረብ ቤት ትሠራለች፤ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች፣ ትንሹ ገና ጡጦ ላይ ነው። ማዳሟ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ሞባይል ግን አትፈቅድም። በወር ሁለት አርብ ትለቃታለች። ያኔ እትዬ የሺ ከአል ዓይን በሚኒባስ ተሳፍራ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዛ፣ እኛ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በራችን ላይ ቆማ እናገኛታለን። እዚያ አገር እሑድ ሥራ ስለሆነ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው አርብ ነበር። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ እሷ ኦርቶዶክስ ናት። እናቴም አርብ ለእሷ ብላ የጾም ትሠራለች፣ እኛም አብረን እንጾማለን፤ አባቴ «የሺ ሳታጠምቀን አትቀርም» እያለ ይቀልዳል።

እትዬ የሺ የምትደውለው ወልድያ፣ ለእናቷ ለእማማ ብዙነሽ ነው። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ዛሬም አልረሳሁትም። ከመደወሏ በፊት ፊቷን ትታጠብና እናቷ የሚያዩዋት ይመስል ነጠላዋን ታስተካክላለች። እማማ ብዙነሽ ስልኩ አንዴ ሲጠራ ነበር የሚያነሱት፤ አርብ አርብ ከስልኩ ጎን ወንበር አድርገው እንደሚቀመጡ ነግረውናል። ከዚያ ከጉልበታቸው ሕመም ጀምረው በጎረቤት በኩል ዞረው እስከ ዝናቡ ድረስ ያወሩላታል። ወፏ ግማሹን ትበላዋለች። እትዬ የሺ ግን የተበላውንም የሰማች ያህል ትስቅ ነበር። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስትስቅ ማየት ደስ ይለኛል፤ ከትልልቅ ሰዎች ሁሉ አብልጬ የምወዳት እሷን ነበር።

በጥር መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ሥራ ሳይሄድ ቀርቷል። በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ በሞባይሉ ያወራል። በመስታወቱ በኩል የደረሰኝ ቁርጥራጭ ነው። «ሰው ቤት ተቀምጦ እንዴት ይሆናል?» አለ። ቆየና «የለም አባተ፣ በስልክ አይሆንም» አለ። ደግሞ ቆየና «እስከ ሰኔ በእኔ ጣለው» አለ። አባተ የእትዬ የሺ ወንድም መሆኑን አውቃለሁ። እናቴ ሶፋው ላይ ሻሿን ዓይኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች፤ ምን ሆንሽ ስላት ሽንኩርት ነው አለችኝ። ወጥ ቤት ገብቼ አየሁ፣ የተላጠ ሽንኩርት አልነበረም።

እኔ ነገሩን በአንዴ ፈታሁት። በቤታችን ትልልቅ ሰዎች በሹክሹክታ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ስለ ቪዛ። አባተ ቪዛ እንዲላክለት ለምኗል፣ ሰው ቤት መቀመጥም ያስቸግራል፣ በሰኔ ግን ይመጣል። እናቴ ያለቀሰችው ሶፋዋ ላይ እንግዳ ሊተኛ ስለሆነ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በዚያው ሳምንት አርብ እትዬ የሺ መጣች። እናቴ ከወትሮው አስረዝማ አቀፈቻት። ምሳ ተበላ፣ ፊት ታጠበ፣ ነጠላ ተስተካከለ፣ እኔም ደወልኩ። ወፏ አልጠራችም። «ይህ ጥሪ ሊገናኝ አይችልም» የሚል ቀይ ጽሑፍ አወጣች። ስምንት ጊዜ ሞከርኩ፣ ስምንት ጊዜ ቀይ። አባቴ ወንበሩ ላይ እጆቹን አጣጥፎ ተቀምጧል። «መስመር ነው፣ ሌላ ጊዜ ይገኛል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ወፏን አልተራገማትም። እኔ ቀዩን ጽሑፍ እያየሁ ስለነበር ይህን ልብ አላልኩትም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እማማ ብዙነሽ ማክሰኞ ንጋት ላይ አርፈው በዕለቱ ተቀብረዋል። በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው፤ ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ ግራና ቀኝ የሚይዟት ሴቶች መኖር አለባቸው። አል ሙዋይጂ ማን ይይዛታል? ጡጦ ይዛ፣ ልጅ አቅፋ፣ በማን ቋንቋ ታለቅሳለች? በሰኔ የሁለት ዓመት ውሏ አልቆ አገሯ ትገባለች። እስከዚያ እንዳትሰማ አባቴ ለአባተ ቃል ገባ። ቃሉን ለመጠበቅ ደግሞ በወፏና በወልድያ መካከል መግባት ነበረበት። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው፤ ያኔ የማውቀው ወፏ እትዬ የሺን እንደጠላቻት ብቻ ነበር።

በዚያ አርብ ማግሥት እናቴ ናዝሬት ላለችው እህቷ ደወለች፣ ገባላት። ነገሩ ከነከነኝና ሳምንቱን ሙሉ ስሞክር ሰነበትኩ። አዲስ አበባ ይገባል። ደሴ ይገባል። ወልድያ፣ የእማማ ብዙነሽ ቤት ብቻ፣ ቀይ። እራት ላይ ግኝቴን አቀረብኩ፤ ወፏ ወልድያ አትደውልም አልኳቸው። ወላጆቼ ያለወትሯቸው በአንድ አፍ አመኑኝ። እናቴ እንዲያውም እኔም ይህንኑ ከሰው ሰምቻለሁ አለች። በሕይወቴ ያለ ክርክር የተቀበሉኝ የመጀመሪያው ቀን ስለነበር ኩራቱ እንቅልፍ ነሳኝ።

ቀጣዮቹ አርቦችም እንዲያው አለፉ። እትዬ የሺ ትታጠባለች፣ ትቀመጣለች፣ ቀዩን ታያለች፣ ማዳመጫውን ቀስ ብላ ታወልቃለች። አንድ ቀን «እንግዲህ ደህና ቢሆኑ ነው፤ ክፉ ወሬ ቢኖር ይደርሰን ነበር» አለች። እናቴ ሳህኗ ላይ ወጥ ጨመረችላት፣ አባቴ «ብዪ እንጂ» አለ፣ ገና የጎረሰችውን ሳትውጥ። በሚኒባስ በምትወርድበት ጣቢያ ዙሪያ ስልክ የሚያስደውሉ ሱቆች ሞልተዋል፤ አንዱ ውስጥ ገብታ በደቂቃ ወልድያ ማግኘት ትችል ነበር። አንድም ቀን አልገባችም። ይህን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

በመጋቢት አባቴ ሊጠይቃት ወደ አል ዓይን ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። የማዳም ሹፌር እሷንና ልጆቹን ኦአሲስ በሚሉት የቴምር ጫካ በር ላይ አውርዷቸው ስለነበር እዚያ ተገናኘን። ከውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ውስጡ ግን የቴምር ዛፍ ጥላ ብቻ ነው፤ ፈለጅ በሚሉት ጠባብ የውኃ ቦይ ውኃው ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። እትዬ የሺ የሕፃኑን ጋሪ እየገፋች፣ ሁለቱን ትልልቆች በዐረብኛ እየተቆጣች ትሄዳለች። ሕፃኑ የነጠላዋን ጫፍ በጡጫው ይዞ አይለቅም። አባቴ እንዴት ነሽ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃት፣ ከዚያ ስለ ቴምሩ ብዙ አወራ፤ በመጨረሻ ዛፎቹን ላይ ብሎ ብቻውን ወደፊት ሄደ። አባቴ ለዛፍ ደንታ ያልነበረው ሰው ነው።

እኔ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ፈለጁ ውስጥ ነከርኩና ቃሌን ሰጠኋት። ኩባንያው ላይ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ አልለቃቸውም፣ ከእማማ ብዙነሽ ጋር እኔ አገናኝሻለሁ አልኳት። እትዬ የሺ ጋሪውን አቆመች።

«አትቸኩዪ ገሊላዬ» አለችኝ። «ሰኔም ሩቅ አይደለም፤ እሄዳለሁ።»

በእንግሊዝኛዬ ያልተማመነች መሰለኝና ተቀየምኩ። እልህ ያዘኝ፣ በዚያው ማታ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍኩ።

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ፤ የፈረመችው ሊና የምትባል የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ናት። «ውድ ሚስተር ፍስሐ፣ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። እባክዎ ኮምፒዩተርዎን አጥፍተው ያብሩት።» ማጥፋትና ማብራት ለእኔ። አጥፍቼ አብርቻለሁ ብዬ መለስኩ። ገመድዎን ይመልከቱ አለችኝ። ገመዱ ደህና ነው፣ ናዝሬት ይገባል አልኳት። የጆሮ ማዳመጫዎ በትክክል መሰካቱን ያረጋግጡ አለችኝ። ያኔ ትዕግሥቴ አለቀና በትምህርት ቤት የተማርኩትን መደበኛ የደብዳቤ አጻጻፍ ሁሉ አወጣሁት። «ወይዘሪት ሊና፣ እኔ የተከበርኩ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ወልድያ ምን አድርጋችሁ ነው? አንዲት ሴት የእናቷን ድምፅ ከሰማች ወራት አልፈዋል። ይህ በኩባንያችሁ ታሪክ ጥቁር ነጥብ ነው።» ጥቁር ነጥብ የሚለው ላይ በጣም ኮርቼ ነበር። ሊና ግን መልሳ ኮምፒዩተሬን እንዳጠፋና እንዳበራ መከረችኝ።

ፋሲካ አለፈ። እኔ ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን ጻፍኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ ኢሜይል እከፍታለሁ፤ ያነበብኩትን እያጠፋሁ አባቴ እንዳያይ እጠነቀቃለሁ፣ እሱ ግን ኢሜይሉን ከፍቶም አያውቅም። በግንቦት መጀመሪያ ሊና በመጨረሻ ሰው ሆና ጻፈችልኝ። ሂሳቡን ራሷ እንደመረመረች፣ የተባለው ቁጥር ፌብሩዋሪ ሁለት ቀን ከሂሳቡ ባለቤት በኩል እንደታገደ፣ እገዳውን አሁን እንዳነሳችልን፣ ለደረሰውም መጉላላት ይቅርታና አሥር ደቂቃ እንደሰጠችን ገለጸች።

ከሂሳቡ ባለቤት በኩል የሚለውን ሳነብ በሳቅ ፈረስኩ። አባቴ ስክሪን በዘቀዘቀበት ጣቱ ወልድያንም ነክቶ አግዷታል ማለት ነው። ከዚያ አሳዘነኝ። የገዛ እጁ መሆኑን ቢያውቅ በእትዬ የሺ ፊት እንዴት ይቆማል? ላላሳፍረው ወሰንኩ፤ ማንም ሳይሰማ አገናኛታለሁ፣ ጥፋቱ የወፏ ሆኖ ይቀራል አልኩ። አባቴ ያን እገዳ ለመማር የረቡዕ የምሳ ሰዓቱን ሙሉ ከሆስፒታሉ የኮምፒዩተር ሠራተኛ ጋር አሳልፎ፣ የሚጫነውን ሁሉ በተራ በተራ በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ሐሙስ ዕለት እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ብቻውን ቁጭ ብሎ ነበር የሠራው። በሕይወቱ ሳይሳሳት የሠራው ብቸኛ የኮምፒዩተር ሥራ እሱ ነው፣ እኔም አፈረስኩበት።

በዚያ ሰሞን በዓለ ሃምሳ ስለነበር አርብም የፍስክ ይበላ ነበር። እናቴ ሆስፒታል ተረኛ ሆና ዶሮዋን ሠርታልን ሄዳለች። ከምሳ በኋላ አባቴ ለስላሳ ሊገዛ ወደ ሱቁ ወረደ። ሊፍቱ ሲዘጋ ሰማሁና ዳንቴሉን ገፈፍኩት።

«እትዬ የሺ፣ ነይ ቁጭ በይ» አልኳት።

«ተይው ዛሬ ይቅር» አለች። እጇን ይዤ ጎተትኳት። ፊቷን አልታጠበችም፣ ነጠላዋን ግን አስተካከለች። ድሌን እኔም ልስማው ብዬ የጆሮ ማዳመጫውን ነቅዬ ድምፁን በስፒከሩ አደረግሁት። ቁጥሩን መታሁ። ቀዩ ጽሑፍ አልመጣም። ጠራ።

ጠራ፣ ደግሞም ጠራ። እትዬ የሺ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች። አምስት ጊዜ ጠራ፣ ስድስት፣ ሰባት። ሊና ዕዳዋን ከፍላ ነበር፤ መስመሩ እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። ተነሳ።

«አሎ» አለ የወንድ ድምፅ፣ ከጎናችን ክፍል ያለ ያህል ቀርቦ። «አሎ፣ ማን ልበል?»

አባተ ነበር። እኔ ተናገሪ እንጂ እያልኩ የእትዬ የሺን ትከሻ እነቀንቃለሁ። አባተ ሦስተኛ «አሎ» ሲል ብድግ ብላ ወደ ግድግዳው ሄደች፣ ጎንበስ አለችና የኮምፒዩተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው። ስክሪኑ ጨለመ።

በንዴት አለቀስኩ። ሁለት ወር ሙሉ የለፋሁበትን በአንድ እጅ ነቀለችው። መሬት ላይ ተንበርክካ ሁለቱንም እጆቼን ያዘች።

«ስሚኝ ገሊላዬ። ወፏ ዛሬም አልሠራችም። ለአባትሽ የምንለው እንደዚህ ነው።»

«ሠርታለች እኮ!»

«አውቃለሁ። ኸላስ፣ በቃ።»

«ለምን?»

«ማዳም ቤት ሕፃን አለ» አለችኝ።

ሕፃኑ ከወፏ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም። ልጠይቃት ስል አባቴ ለስላሳውን በፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። ዳንቴሉ መሬት ላይ ወድቋል፣ እኔ አለቅሳለሁ። ፊቱ ተለዋወጠ። እትዬ የሺ ቀድማው ተናገረች።

«ዛሬም እምቢ አለች፣ ጋሼ ፍስሐ። ይቺ ልጅ ተናዳ ሞተች።»

አባቴ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ፌስታሉን እንዳንጠለጠለ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስንት ወር በኋላ ወፏን ይራገማት ጀመር። ላባሽ ይርገፍ አለ። እትዬ የሺ ክንፍሽ ይሰበር ብላ ጨመረች። ጎጆሽን ንፋስ ይውሰደው አለ እሱ። እንቁላልሽን እባብ ይዋጠው አለች እሷ። ተራ በተራ እየተቀባበሉ ሲያወርዱባት ሳቅ ያዛቸው፣ እትዬ የሺ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እሱ ካቆመም በኋላ የእሷ እንባ አልቆመም። አባቴ «በይ በቃሽ፣ ሳቅም ይገድላል» እያለ ለስላሳ ከፈተላት። በዚያ ቤት ወፏ መሥራቷን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን። እኔ በጣም ተቀይሜአት ስለነበር ስትሄድ አልሳምኳትም።

በሰኔ ከአቡዳቢ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘናት። በሦስተኛው ቀን ማታ እናቴ አስቀምጣ ሁሉን ነገረችኝ። በዚያን ቀን ጠዋት ወልድያ ላይ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ለእትዬ የሺ መርዶዋ ተነግሯታል፤ ሴቶቹ ይዘዋታል፣ በወግ በማዕረግ አልቅሳለች። አባቴ ከአባተ ጋር አውርቶ ሲጨርስ ሞባይሉን አስቀምጦ «ሳትሰማ ገባች» አለ፤ እንደዚያ ቀን ኮርቶ አይቼው አላውቅም። እኔ የደወልኩትን ለማንም አልተናገርኩም። አባተ ስለ እናታቸው አንድ ቃል ሳይናገር ገመዱ ተነቅሏል፣ ስለዚህ ምንም አላወቀችም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በዚህ መጽናኛ ዓመታት ኖርኩ።

አምና ለሥራ ወልድያ ሄድኩ። እትዬ የሺ አሁን የተማሪ ዩኒፎርም ታሰፋለች፤ አራት የልብስ ስፌት መኪና አላት፣ ሠራተኞቿን በዐረብኛ ነው የምትቆጣው። ከሰላምታው በኋላ ስንት ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት፤ ያን ቀን ገመዱን ለምን ነቀልሽው አልኳት።

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና ነገረችኝ። ጥርጣሬ የገባት ከመጀመሪያው አርብ ነው፤ አባቴ ወፏን ሳይሰድብ ሲቀር። ጋሼ ፍስሐ ወፏን ከማረ ሌላ የከፋ ነገር አለ ብላ አሰበች። ግን ጥርጣሬን ታቅፈሽ ሥራ መሥራት ይቻላል አለችኝ። የተነገራት ግን ቁጭ ብላ ማልቀስ አለባት፤ አባቴም ከነገራት ወደ ሥራዋ አይለቃትም፣ ማዳም ሌላ ሰው ታመጣለች፣ ያን ጡጦ ላይ ያለ ልጅም ለማን ትተወዋለች? እስከ ሰኔ ላለመስማት ቆረጠች። የስልክ ሱቆቹን ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታልፋቸው።

«አባተ ‹አሎ› ሲል ግን አበቃ» አለች። «እናቴ በሕይወት ሳለች አባተ ያን ስልክ ነክቶት አያውቅም። አርብ ከሰዓት፣ ሰባት ጊዜ ጠርቶ፣ እሱ አነሳው።»

የስፌት መኪናዎቹ እየሠሩ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ ከምናገር ወደ ጆሮዋ ተጠጋሁ።

«መርዶሽን የነገርኩሽ እኔ ነኛ» አልኳት።

«አንቺ ነሽ።»

ያን ቀን ወደ አል ዓይን ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኗ ጠይባ የምትባል የወሎ ልጅ ተቀምጣ ነበር፣ ከዚያ በፊት አይተዋወቁም። ከአቡዳቢ እንደወጡ እትዬ የሺ የገዛ ጉልበቷ ላይ ተደፋች። ጠይባ ምን ሆነሽ ብላ አልጠየቀቻትም። ሻርፗን አልብሳት፣ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በረሃውን ሙሉ አብራት አለቀሰች፣ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ። ሙዋይጂ ድረስም ሸኘቻት፤ በሩ ላይ ፊቷን በውኃ አጠበችላት። እትዬ የሺ ገብታ ሕፃኑን ተቀበለች፣ ጡጦውንም ሞላች።

«ታዲያ ሰኔ ላይ ሲነግሩሽ አስመሰልሽ?»

«ምን አስመስላለሁ?» አለች ቆጣ ብላ። «ሁለተኛ አለቀስኩ እንጂ የውሸት አላለቀስኩም። እናት አንዴ ተለቅሳ ታልቃለች እንዴ?»

ይቅር በይኝ አልኳት። ልጅ ነበርሽ አለች፤ ደግሞም እኔን ከእናቴ ላገናኝ ብሎ ሁለት ወር ደብዳቤ የጻፈልኝ ሌላ ሰው የለም አለች። ተነስቼ ስንሳሳም እጄን አልለቅ አለች።

«አንድ ነገር ግን አደራሽን። ለአባትሽ እንዳትነግሪው። ያን ሁሉ ደክሞልኝ።»

አባቴ ዘንድሮ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ ወጥቶ አዲስ አበባ ይኖራል። ሰው በተሰበሰበበት፣ በተለይ ለቅሶ ቤት፣ የሺን አምስት ወር እንዴት እንደጠበቃት፣ ማውስ እንዴት እንደተማረ፣ ሳትሰማ እንዴት አገሯ እንደገባች አንድ ሳያስቀር ይተርካል። ሲጨርስ ወደ እኔ ይዞርና «አይደለም እንዴ ገሊላ?» ይላል። እኔም ከጎኑ ቁጭ ብዬ «እውነቱን ነው» እላለሁ።